ሙቪ ማጂክ ሰሜን ሸዋ ላይ፦ የሆሊውድ ፕሮዲውሰር የሼዱል መሣሪያ ለእኛ ቀረጻ ምን ያህል ይጠቅማል?

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መንዝ ላይ ረጅም ፊልም ሊሠሩ የተነሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ካሜራ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ድሮን። ስለ ሼዱል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቀረጻ የሚሰናከለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በካሜራ አይደለም። ባለ ፈረሱ በገበያ ቀን ተቀጥሮ ሲቀር፣ ዋናዋ ተዋናይ ያለ ሥራ ሆቴል ተቀምጣ አራት ቀን ሲከፈልላት፣ ታርማበር ላይ ጉም ወርዶ የመብራቱ መኪና ሲቆም ነው ገንዘቡ የሚያልቀው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ሙቪ ማጂክ ስኬጁሊንግ እና ሙቪ ማጂክ በጀቲንግ የተባሉትን ሁለት ፕሮግራሞች ነው። ሁለቱም የኢንተርቴይንመንት ፓርትነርስ ምርቶች ናቸው፤ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ፕሮዲውሰሩን «ሼዱልና ባጀት አምጣ» ሲሉት ሲለመድ የኖረው በእነዚህ የተሠራ ወረቀት ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንንገራችሁ። ስኬጁሊንጉ ከ60 ገጽ በላይ ስክሪፕት ይዞ ከአንድ ቦታ በላይ ለሚቀርጽ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። በጀቲንጉ ከውጭ አገር ገንዘብ ለማይፈልግ ሰው አስፈላጊ አይደለም። ሁለቱም ደግሞ ስለ ሰሜን ሸዋ የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም። ጉሙን፣ ጾሙን፣ በዓሉን፣ ከፍታውን፣ የገብሱን አጨዳ ቁጭ ብሎ ማስገባት የተጠቃሚው ድርሻ ነው። ያንን ያላስገባ ሰው ያማረ ወረቀት ይዞ ይከስራል።

መሣሪያው ለምን እንዲህ እንደተሠራ ለመረዳት የሆሊውድ ፕሮዲውሰር እንዴት እንደሚያድግ ማየት ይረዳል። እኛ ዘንድ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ፖስተሩ ላይ በፕሮዲውሰርነት የሚጻፈው። እዚያ ግን ፕሮዲውሰር ማለት ታሪኩን መርጦ፣ ገንዘቡን አፈላልጎ፣ ዳይሬክተሩንና ተዋናዩን አገናኝቶ፣ ፊልሙ እስኪሸጥ ድረስ ሥራውን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው። በኦስካር ምሽት የምርጥ ፊልም ሽልማትን የሚቀበለውም ዳይሬክተሩ ሳይሆን እሱ ነው።

ሮጀር ኮርማንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዲትሮይት ተወልዶ በ2024 ያረፈ ሰው ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፊልም አይደለም፤ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ነው። ፊልም ውስጥ የገባው በፎክስ ስቱዲዮ የፖስታ ክፍል መልእክተኛ ሆኖ ሲሆን ከዚያ ስክሪፕት አንባቢ ሆነ። በ1960 ከወጡት ፊልሞቹ የአንዱን ዋና ቀረጻ በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት ጨርሷል፤ ያውም ለሌላ ፊልም ተሠርቶ ባልፈረሰ ቤት ውስጥ። በ1963 በወጣ ሌላ ፊልሙ ደግሞ የቀደመው ሥራ ግንባታ ሳይፈርስና ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ሳይሄድ ባገኛቸው ጥቂት ቀናት የካርሎፍን ሲኖች (ትዕይንቶች) ብቻ ለቅሞ ቀረጸ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሞላው። በ1970 ኒው ወርልድ ፒክቸርስን መሠረተ። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ፣ ማርቲን ስኮርሴዚና ጄምስ ካሜሮን ገና ወጣት ሳሉ እሱ ዘንድ ሠርተዋል። በ2009 የክብር ኦስካር ተሰጠው። የዚህን ሰው ሙያ ሲመረምሩት መሠረቱ አንድ ነው፤ የትኛው ሲን ከየትኛው ጋር አንድ ቀን ቢቀረጽ ገንዘብ እንደሚተርፍ ከማንም ቀድሞ ያያል። ሙቪ ማጂክ ስኬጁሊንግ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ዓይኑን ግን አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሲኖቹ የሚደረደሩበትን ሰሌዳ ነው።

ካትሊን ኬኔዲም በሌላ በር ገብታ እዚያው ደርሳለች። ሳንዲያጎ ውስጥ በቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርታ፣ በስቲቨን ስፒልበርግ ጸሐፊነት ተቀጥራ፣ በ1981 ከእሱና ከፍራንክ ማርሻል ጋር አምብሊን የተባለውን የፊልም ድርጅት መሠረተች፤ በ2012 ሉካስፊልምን ለመምራት ተሾመች። ከቢሮ ዝግጅት ተነስቶ ፕሮዲውሰር መሆን ያለና የታወቀ መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በፕሮዳክሽን ማናጀርነት የሚለፉ ልጆች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ሥራው የሚጀምረው ስክሪፕቱን በሲን በሲን በመበተን ነው። ለእያንዳንዱ ሲን አንድ ብሬክዳውን ሺት ይከፈታል። የሲኑ ቁጥር፣ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ፣ ቦታው፣ ቀን ነው ወይስ ሌሊት፣ የገጹ ርዝመት፣ በአንድ መስመር ምን እንደሚሆን ይሞላል። የገጽ ርዝመት የሚለካው በስምንተኛ ነው፤ አንድ ገጽ 8 ስምንተኛ ነው፤ ሩብ ገጽ የሆነ ሲን 2/8 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ሲኑ የሚፈልገው ነገር ሁሉ በየምድቡ ይገባል፦ ተዋናይ፣ አጃቢ፣ ልብስ፣ ዕቃ፣ ተሽከርካሪ፣ እንስሳ፣ ልዩ መብራት፣ ድምፅ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ የሚያስከትለው ጣጣ ብዙ ነው። አንድ ሲን በቅርብ እንየው። ሲን 34፤ ውጪ፤ ጓሳ፤ ንጋት፤ 2/8 ገጽ። «ፈረሰኛው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል። አያቱን ሲያይ ይወርዳል።» ስክሪፕቱ ላይ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። በቀን 5 ገጽ እንቀርጻለን ብሎ ያቀደ ሰው ይህን በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ አድርጎ ያስባል።

ሺቱን ሲሞሉት ግን ነገሩ ይገለጣል። ተዋናይ ሁለት። ፈረስ አንድ፤ ካሜራና ሰው ሲያይ የሚደናበር ከሆነ የሚተካ ሌላ መልኩ የሚመስል ፈረስ። ባለ ፈረሱ ራሱ፤ ያለ እሱ ፈረሱ አይታዘዝም። ለፈረሰኛው በርኖስ ሁለት፣ ምክንያቱም አንዱ በጤዛ ከራሰ ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ቀለሙ ይጠቁራል። ለአያትየው ባና። የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ፈቃድና ክፍያ፤ ቦታው የሚጠበቀው በአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ አብሮ መዋል አለበት፤ ፈረሱም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ወደሚውሉበት እንዳይገባ ከእሱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ማደሪያ፤ ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስቶ ለንጋት ቀረጻ መድረስ የሚታሰብ አይደለም፤ ከዋዜማው እዚያው ማደር ግድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በእኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት አይሞላም። ጉሙ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም። ስለዚህ ይህ 2/8 ገጽ ሁለት ንጋት መያዝ አለበት፤ በመካከሉ ላለው ቀንም ሌላ ሥራ ሊዘጋጅ ይገባል። ብዙ ምልልስ ያለው የቤት ውስጥ ሲን ስድስት ገጽ ሆኖ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። የስምንተኛው ቁጥር የወረቀቱን ርዝመት እንጂ የሥራውን ክብደት አይናገርም፤ ፕሮግራሙም በቁጥሩ ብቻ ቢደምር አይፈረድበትም። ለእያንዳንዱ ሲን በግምት የሚፈጀውን ሰዓት የሚሞላ ቦታ አለና እሱን ሳይሞሉ አይለፉ።

መብራትም እዚሁ ሺት ላይ ይገባል፤ ከፍታው የሚያመጣው ችግር ደግሞ ብዙዎች የማይገምቱት ነው። ጸጥ ያለችው ትንሿ የሆንዳ ኢንቨርተር ጀነሬተር 2,200 ዋት ትባላለች፤ ያለማቋረጥ የምትሰጠው ግን 1,800 ነው። በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቷ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በ3,300 ሜትር ላይ ከ1,800ው የሚተርፈው 1,100 ዋት አካባቢ ነው። 600 ዋት ተብሎ የሚሸጠው የኤልኢዲ መብራት ከሶኬት 720 ዋት ገደማ ይስባል። አንዱን ትሸከማለች፤ ሁለተኛው ሲሰካ ትጠፋለች። ካርቡሬተሩ ለከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚኑ እየበዛባት ትታፈናለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ነገሩ የጓሳ ብቻ አይደለም። በስኬጁሊንጉ ውስጥ «ጓሳ» የሚለውን ቦታ «ሁለት ጀነሬተር» ከሚለው ጋር አንዴ ማገናኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጓሳ በተጠራ ቁጥር ሁለቱ ጀነሬተሮች ራሳቸው ይገባሉ። ይህ ነገሮችን የማቆራኘት አቅሙ ከፕሮግራሙ በጣም የወደድነው ክፍል ነው። ፈረስ ሲገባ ባለ ፈረስ፣ ድሮን ሲገባ ፈቃድ፣ ልጅ ተዋናይ ሲገባ ወላጅ። ሰው የሚረሳውን አይረሳም።

ሺቶቹ ተሞልተው ሲያልቁ ሲኖቹ በቀለም በስትሪፕ ሰሌዳው ላይ ይደረደራሉ፤ ስትሪፕ ማለት አንድ ሲን የተጻፈበት ባለ ቀለም ጠባብ መስመር ነው። በተለመደው አሠራር የቀን ውጪ ቢጫ፣ የሌሊት ውጪ አረንጓዴ፣ የቀን ውስጥ ነጭ፣ የሌሊት ውስጥ ሰማያዊ ነው። ሰሌዳውን አንዴ አይቶ አምስት ተከታታይ ቀን አረንጓዴ ብቻ ካለ ሠራተኛው አምስት ሌሊት በብርድ ሊቆም መሆኑ ይገባዎታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ነው፤ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ተዋናይ ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ከዚያው ሲን የቀረው ክፍል በሞቃት ቀን ከተቀረጸ እንፋሎቱ ስለሌለ አይገጥምም። ያልተመደቡ ሲኖች የሚቀመጡበት ቦታ ለብቻው አለ፤ እየጎተቱ ወደ ቀኑ ማስገባት ነው። በየቀኑ ማብቂያ የገጹ ድምር ይታያል።

ለምሳሌ 90 ገጽ ስክሪፕት በቀን 5 ገጽ ሂሳብ 18 የቀረጻ ቀን ይወጣዋል፤ 9 ደብረ ብርሃን፣ 5 አንኮበር፣ 4 ጓሳ ብለን እንያዘው። ዝውውሩን እንደ ቀን የማይቆጥር ሰው እዚህ ይሰናከላል። ደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ወደ ጓሳ ግን ሙሉ ቀን ይያዝ። ሰሌዳው ላይ ለጉዞ የሚሆን ባነር አለ፤ እሱን ማስገባት ነው። ከባዱን ጓሳ መጨረሻ ላይ ማድረግ የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኛ አንመክርም። መጨረሻ ላይ ገንዘቡም ጉልበቱም ያለቀ ስለሚሆን፣ ጉም ባይመጣ ተመልሶ ለመጠበቅ አቅም አይኖርም። መካከል ላይ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያም አይሁን፤ ሠራተኛው ገና ያልተላመደበት ቀን በ3,300 ሜትር ላይ ፈረስ መቅረጽ ፈተና ነው። በየቦታው ደግሞ አየር ሲበላሽ የሚገቡበት አንድ የቤት ውስጥ ሲን ሳይቀረጽ ተይዞ ይቆይ። አንኮበር ላይ ገደሉ ሁሉ በጉም ሲሸፈን ያ ሲን ቀኑን ያድነዋል።

ከሪፖርቶቹ ሁሉ ዋጋ ያለው «ዴይ አውት ኦፍ ደይስ» የሚባለው ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ተዋናይ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ ሳይሠራ እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚጨርስ በአንድ ገጽ ያሳያል። ሳይሠራ የሚቆይበት ቀን ነው ኪስ የሚያራቁተው። ከአዲስ አበባ የመጣች ተዋናይ በ3ኛውና በ9ኛው ቀን ብቻ ሲን ካላት፣ መካከል ላይ አምስት ቀን አልጋና ምግብ ይቆጠርባታል፤ ወይም ደርሶ መልስ ትራንስፖርት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ስትሪፕ ጎትቶ 3ኛና 4ኛ ቀን ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሠንጠረዡም ወዲያው ይታረማል። በኤክሴል ይህን በእጅ ማረም ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በግማሽ ቀን ድካም ምክንያትም ሰዎች ሳያርሙት ይተዉታል። ኮርማን በካርሎፍ ቀናት ያደረገው ስሌት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ቀይ ምልክት የሚባለው አለ። አንድ ነገር በማይገኝበት ቀን ላይ ከተመደበ ሰሌዳው ያስጠነቅቃል። የሰሜን ሸዋ ዕውቀት መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። የሚገባውን እንጠቁም።

አጨዳ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ለቀረጻ የሚመረጥበት ወቅት ነው፤ ገበሬውም አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። አጃቢ አርሶ አደር በብዛት አይገኝም፤ ከሁሉ በላይ ማሳው ይለወጣል። ሰኞ በቢጫ ገብስ መካከል የተቀረጸ ሲን ሐሙስ ቢቀጠል እርሻው ገለባ ሆኖ ይጠብቃል። ማሳ ያለበትን ሲን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ ፊት ማውጣት ነው፤ ከባለቤቱም ጋር የአጨዳውን ቀን መነጋገር።

በዓል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ የወሩ በዓል ይቀጥላል፤ የትኛው እንደሚከበር አጥቢያው ይለያያል። በእነዚህ ቀናት ሰው እርሻ አይወጣምና አጃቢ በብዛት ይገኛል፤ የእርሻ ሲን ግን አይቀረጽም። ለካሜራ ነው ቢባልም በበዓል ቀን በሬ የሚጠምድ ገበሬ አይገኝም፤ መለመንም ነውር ነው። ስለዚህ በሬው በቀይ ምልክት ይታገድ፣ የገበያና የሰርግ ሲን ወደዚያ ይምጣ። የሰንበቴ ከተማን ገበያ በእውነተኛ መልኩ የሚፈልግ እሑድን ይያዝ፤ ሌላ ቀን ሜዳው ባዶ ነው።

ጾም። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፤ ያው በዚያው በጥሩው ወቅት። የድግስ ሲን ካለ አጃቢው በካሜራ ፊት ሥጋ አይበላም፤ ከጾሙ በፊት ወይም ከገና በኋላ ይመደብ። የሠራተኛው ምግብም በዚያው ልክ ይታሰብ፤ ጾመኛው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ተጠይቆ የምሳ ሰዓቱ ይወሰን። በሆሊውድ የማኅበራት ደንብ በየስድስት ሰዓቱ ምግብ የግድ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች በዚያ ልማድ ያደጉ ናቸው፤ የእኛን ማስገባት የእኛ ፈንታ ነው።

የመንገድ ጸጥታና የኢንተርኔት መቋረጥም ከዕቅዱ ውጭ አይሁኑ። ለየቦታው ተለዋጭ ቀንና ተለዋጭ ቦታ ይያዝ፤ የወረዳው አስተዳደር ሳያውቅ ሃያ ሰውና ሁለት መኪና ይዞ መግባት ለማንም አይበጅም። ድሮን የሚበር ከሆነ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ሳይያዝ ሼዱሉ ላይ አይግባ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚቀረጽ ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር የሚደረገው ንግግር ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይጀመር።

ጉድለቶቹን እንናገር። ትልቁ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የአውሮፓን ብቻ ነው፤ የእኛን በዓላት በእጅ መሙላት ግድ ነው። እዚህ ላይ የምትገባ ስሕተት አለች። ጥምቀት ጥር 11 አብዛኛውን ዓመት ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን የቀደመው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለሆነች ጃንዋሪ 20 ይሆናል። መስቀልም እንዲሁ ከሴፕቴምበር 27 ወደ 28 ይገፋል። ካለፈው ዓመት ፋይል ቀድቶ የሚጠቀም ሰው የጥምቀትን ሲን በከተራ ቀን ያስቀምጠዋል። ገና በአንጻሩ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7 ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ኮል ሺት ላይ፣ ማለትም ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ በሚነግረው የዕለት ወረቀት ላይ፣ 6:00 ተብሎ ሲወጣ ከአዲስ አበባ የመጣው ካሜራማን ንጋት 12 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፤ የአንኮበሩ ባለ በቅሎ ቀን 6 ሰዓት ብሎ ይመጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሠራተኛው የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ተብሎ በአማርኛ ብቻ ይጻፍ፤ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ስክሪፕቱ ፋይናል ድራፍት በተባለው የስክሪፕት መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፎ ነገሮቹ እዚያው ላይ ምልክት ከተደረገባቸው ወደ ስኬጁሊንጉ ሊገባ ይችላል፤ «ውስጥ» እና «ውጪ» ብለን የጻፍነውን የሲን ርዕስ ግን ፕሮግራሙ ራሱ አይለየውም፤ አንድ በአንድ መምረጥ ያስፈልጋል። ዎርድ ላይ በዘፈቀደ የተጻፈ ስክሪፕትማ እንዳለ በእጅ ነው የሚገባው፤ ለ90 ገጽ ሁለት ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይመድብ። መቶ ሲን ከማስገባት በፊት አንድ ሲን በግዕዝ ፊደል ሞልቶ፣ ሪፖርቱን ፒዲኤፍ አድርጎ አትሞ ማየት ይገባል፤ ፊደሉ ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ወረቀት ላይ ሳጥን ብቻ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛው፣ አዲሶቹ ስሪቶች በየጊዜው ክፍያ የሚጠይቁ፣ በብራውዘር የሚከፈቱ ናቸው። ኔትወርክ በሌለበት መንዝ ላይ ታምኖ የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ሳይወጡ ሰሌዳው፣ የተዋናዮቹ ሠንጠረዥና የሁሉም ቀን ብሬክዳውን ሺት በወረቀት ይታተም፤ በፒዲኤፍም ስልክ ላይ ይቀመጥ። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ካርዱን ከባንክ ማውጣት ራሱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከቀረጻው አንድ ወር ቀደም ብሎ ይታሰብበት።

በጀቲንጉን በአጭሩ እናልፋለን። ሦስት ደረጃ አለው፤ ላይኛው ማጠቃለያ ገጽ፣ መካከለኛው የሂሳብ መደብ፣ ታችኛው ዝርዝር። ከመስመር በላይ የሚባሉት ታሪኩ፣ ፕሮዲውሰሩ፣ ዳይሬክተሩና ዋና ተዋንያን ናቸው፤ ከመስመር በታች ሌላው ሁሉ። ጥሩ ጎኑ «የቀረጻ ቀን» የሚለውን አንዴ 18 ብለው ከሰየሙት በኋላ ወደ 20 ሲቀይሩት አልጋው፣ ምግቡ፣ የመኪናው ኪራይ አብሮ መቀየሩ ነው። በደመወዝ ላይ የሚጨመረውም በመቶኛ ይሞላል፤ ለቋሚ ቅጥር ሠራተኛ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ቀን 1.5፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ሌሊት ቀረጻ ርካሽ የሚመስለው ሰው ይህን ሞልቶ ይየው።

ይህን ሁሉ ግን ኤክሴል በደንብ ይሠራዋል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የሚከፈለውን ዕቃ፣ የሌንስ ኪራይም ሆነ የፕሮግራም ክፍያ፣ ለብቻው አምድ ሰጥቶ ምንዛሪውን በአንድ ሕዋስ ማሰር ይበቃል። መጠባበቂያ 10 በመቶ ይያዝ፤ የፊልሙን መጠናቀቅ ዋስ የሚሆኑ የውጭ ድርጅቶች የሚጠብቁት የተለመደ ልክ ነው፤ ለጉሙም ለጥበቃውም ሲታይ ሰሜን ሸዋ ላይ ከዚያ በታች መውረድ አደጋ አለው። በጀቲንጉን የሚገዛው ከውጭ አገር ተባባሪ ፕሮዲውሰር ጋር የሚሠራና ያንኑ ዓይነት ፋይል የተጠየቀ ሰው ብቻ ቢሆን ይበቃል።

ለአጭር ፊልም፣ ለማስታወቂያ፣ ለክሊፕ ስኬጁሊንጉም አያስፈልግም። ባለ ቀለም ካርቶን በጣት ስፋት እየቆረጡ፣ በአንዱ ላይ አንድ ሲን እየጻፉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል፤ ኮምፒውተር ሳይመጣ ስቱዲዮዎቹ በዚሁ ነው የኖሩት። ከ30 ሲን በላይ ሲሆን ግን ካርቶኑ የማን ሥራ መቼ እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። ስቱዲዮባይንደር የሚባለውም ኢንተርኔት ላይ ያለ አማራጭ ነው፤ ኮል ሺቱ ያማረ ነው፤ ለትንሽ ሥራ በነጻ መሞከርም ይቻላል፤ ብዙ ተዋናይ ያለበት ሰሌዳ ላይ ግን ሙቪ ማጂክን እንመርጣለን።

ለሚገዛ ሰው የክፍያውን ጊዜ እንዲህ ቢያደርገው ይጠቅመዋል። ስክሪፕቱ ሳይጸድቅ አይክፈል፤ በየሳምንቱ ሲን በሚለወጥበት ጊዜ የተከፈለበት ወር በከንቱ ያልፋል። ቦታዎቹ ታይተው፣ ፈረሱና ጀነሬተሩ ታውቀው፣ የበዓላቱ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ካለቀ በኋላ ይክፈል። መሙያውንና ድርደራውን በአንድ ወር ጨርሶ፣ ቀረጻው ባለበት ወር ክፍያውን አስቀጥሎ በየማታው ያልተቀረጸውን ሲን ወደሚቀጥለው ቀን ያዛውርበት። ይህን የማታ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ያስፈልጋል፤ ረዳት ዳይሬክተሩ ወይም ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ሰው ሁለት ሰሌዳ ከያዘ ጠዋት ባለ ፈረሱ አንኮበር፣ ካሜራው ደብረ ብርሃን ይገኛል። ቀረጻው ሲያልቅ ክፍያውን ከማቋረጥ በፊት ፋይሉ ወርዶ፣ የመጨረሻው ሰሌዳና የተዋናዮቹ ሠንጠረዥ ታትሞ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ፊልም አንኮበር ላይ በቀን ስንት ገጽ እንደተቀረጸ የሚናገረው እሱ ነው።